እናቴን ባሕር ላሳያት

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ናቸው። የትምህርት ቤት ዕረፍት እየደረሰ ነው። ከአገር ቤት ዘመድ የሚመጣውም በዚሁ ሰሞን ነው። አንደኛው ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ስለሚፈልግ እሱን አስቀድሜያለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ እንደምን ከርመሻል? የምኖረው ሊድስ ነው። እናቴ በኦገስት ከአዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ጉልበቷንም ያማታል። ከላንጋኖና ከቢሾፍቱ ሐይቅ ውጪ ባሕር የሚባል በዓይኗ አይታ አታውቅም። እኔም ይህን ሳላሳያት መመለስ የለባትም ብያለሁ። ግን ፍልሰታን ትጾማለች። ምን ልትበላ ነው? ደግሞ መኪና የለኝም። ጓደኞቼ ብላክፑል ውሰጃት ይሉኛል። አንቺስ ምን ትያለሽ? *የእናቷ ልጅ፣ ከሊድስ*

መልስ፦ እህቴ፣ ዊትቢ ውሰጃቸው።

ብላክፑል የራሱ ደስታ አለው። ግንቡ፣ መብራቱ፣ ጨዋታው ሁሉ ለወጣትና ለልጅ ጥሩ ነው። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው፣ ለዚያውም ሱባዔ ላይ ላሉ እናት ግን ጫጫታው ይበዛባቸዋል። ዊትቢን በደንብ አውቃታለሁ። እንግሊዝ ስመጣ መጀመሪያ የተመደብኩት ሚድልስብሮ ነበር። ሥራ መሥራት ሲፈቀድልኝ ደግሞ በበጋው ዊትቢ እየወረድኩ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ አልጋ አነጥፍ፣ ቁርስ አቀርብ ነበር። እንግዳ ምን እንደሚያስደስተውና ምን እንደሚያስመርረው ያየሁት እዚያ ነው።

ከተማዋን ኤስክ የሚባል ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። በምዕራብ በኩል ሆቴሎቹ፣ አሸዋው፣ በቀለም ያሸበረቁት የባሕር ዳር ጎጆዎችና ከዓሣ ነባሪ መንጋጋ አጥንት የተሠራው ቅስት አሉ። ዊትቢ በ1700ዎቹና በ1800ዎቹ መጀመሪያ ዓሣ ነባሪ የሚያድኑ መርከቦች የሚነሱባት ወደብ ነበረች። ቅስቱ የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው። በምሥራቅ በኩል አሮጌው ሰፈር፣ ጠባብ የድንጋይ መንገዶች፣ ከላይ ገደሉ አናት ላይ ቤተ ክርስቲያኑና የፈረሰው ገዳም አሉ። ሁለቱን የሚያገናኘው በ1908 የተሠራው ተሽከርካሪ ድልድይ ነው። ጀልባ ሲመጣ ድልድዩ መሐል ለመሐል ተከፍሎ ወደ ጎን ይዞራል፤ ሰውም ቆሞ ይጠብቃል። እናትሽ ይህን ሲያዩ ይገረማሉ። ደረጃ የለው፣ ክፍያ የለው፣ ዝም ብሎ ቆሞ ማየት ነው።

ብዙ ጎብኚ ምዕራቡ ላይ አሸዋው ውስጥ ተቀምጦ ይመለሳል። እናትሽን ግን ምሥራቁን ሳታሳያቸው እንዳትመለሺ።

ወደ ላይ የሚያወጣው ዝነኛው ደረጃ 199 ነው። ሰው እየቆጠረ ይወጣል። በየመሐሉ ሰፋ ያሉ መቀመጫዎች አሉ። ድሮ ሬሳ የተሸከሙ ሰዎች ሳጥኑን አሳርፈው ትንፋሽ የሚሰበስቡባቸው ነበሩ ይባላል። ለእናትሽ ጉልበት ግን አይሆንም። አትሞክሩት። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ታክሲ ያዙና "ገዳሙ ጋ አድርሰን" በይው። በጀርባ በኩል እስከ ላይ የሚያደርስ የመኪና መንገድ አለ። ታክሲው ሲያወርዳችሁ ከሜዳው ማዶ ሰሜን ባሕር ይታያል። ባሕሩን መጀመሪያ ከዚያ ከፍታ ቢያዩት ደስ ይለኛል። ከታች ከአሸዋው ሲታይ ባሕር አንድ መስመር ነው። ከላይ ሲታይ ግን ስፋቱ ይገባል።

ገደሉ አናት ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን የቅድስት ማርያም ነው። አስቢው፣ በፍልሰታ! ሕንፃው በ1100ዎቹ የተጀመረ ነው። ውስጡን ግን ኋላ ላይ እየጨመሩበት፣ እየቀጠሉበት የመርከብ ሆድ አስመስለውታል። ወንበሮቹ እንደ ሳጥን በእንጨት የታጠሩ ናቸው፤ እያንዳንዱ በር አለው። ድሮ የየቤተሰቡ ነበሩ። በአንዳንዶቹ በር ላይ "ለእንግዶች ብቻ" የሚል ጽሑፍ አለ። እናትሽን እዚያ አስቀምጪያቸው። ጸሎታቸውን ያድርሱ። ማንም ምንም አይላቸውም።

ከዚያ ጥቂት እርምጃ ሄዶ ገዳሙ ነው። ዛሬ የሚታየው ጣሪያ የሌለው ከፍ ያለ የድንጋይ ግድግዳ ነው፤ አብዛኛው የ1200ዎቹ ሥራ ነው። ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ገዳማትን ሲዘጋ ይህም በ1539 ተዘጋ። በዲሴምበር 1914 ደግሞ የጀርመን የጦር መርከቦች ከባሕር ላይ ሆነው ከተማዋን ሲደበድቡ ግድግዳው ተመታ። መግቢያ ይከፈልበታል። ከውጭ አጥሩን ተደግፎም ብዙው ይታያል።

ለእናትሽ የምትነግሪያቸው ታሪክ ግን ከዚህ ግድግዳ በፊት የሆነ ነው። ገዳሙ የተመሠረተው በ657 ነው። እመ ምኔቷ ሂልዳ የምትባል ከንጉሥ ዘር የተወለደች መነኩሲት ነበረች። ወንዶችም ሴቶችም በአንድ ገዳም ሥር፣ በሷ አስተዳደር ይኖሩ ነበር። በ664 እዚህ ቦታ ላይ ትልቅ ጉባኤ ተደረገ። ጉዳዩ ምን መሰለሽ? ፋሲካ መቼ ይውላል የሚል ነው።

የአገሩ ንጉሥ ኦስዊዩ የአየርላንድ መነኮሳት ያስተማሩትን አቆጣጠር ይከተል ነበር። ንግሥቲቱ ኢያንፍሌድ ደግሞ ያደገችው ኬንት ነው፤ የሮማን አቆጣጠር ይዛ መጣች። አንዳንድ ዓመት ሁለቱ አይገጥሙም። ቤዳ የሚባለው መነኩሴ እንደጻፈው ንጉሡ ጾሙን ፈቶ ፋሲካ ሲያከብር ንግሥቲቱና ሰዎቿ ገና ሆሣዕና ላይ ሆነው ይጾሙ ነበር። በአንድ ቤት ውስጥ! ይህን ማንም እንግሊዛዊ አንብቦ ያልፈዋል። እኛ ግን እንኖረዋለን። በስደት አገር ባል በአንዱ ሚስት በሌላው አቆጣጠር የምትጾምበትን ቤት ሁላችንም እናውቃለን። ልጆቹ በትምህርት ቤት የቸኮሌት እንቁላል ይሰጣቸዋል፤ እናት ገና ሰሙነ ሕማማት አልገባላትም።

በጉባኤው ለአየርላንዶቹ ኮልማን፣ ለሮማ ዊልፍሪድ ተከራከሩ። ዊልፍሪድ የመንግሥተ ሰማያት መክፈቻ የተሰጠው ለጴጥሮስ ነው አለ። ንጉሡ ወደ ኮልማን ዞሮ "እውነት ነው?" ሲለው "እውነት ነው" አለ። ንጉሡም በሩ ላይ የቆመውን ሰው አልቃወምም፤ ኋላ ደጁ ላይ ስደርስ የሚከፍትልኝ ባጣስ ብሎ በሮማ አቆጣጠር ፈረደ። ሂልዳ ከአየርላንዶቹ ጋር ነበረች፤ ፍርዱን ግን ተቀበለች። እናትሽ ባሕረ ሐሳብ የሚባለውን ካወቁ፣ መጥቅዕና አበቅቴ ሲባል ከሰሙ፣ ከእንግሊዛዊው አስጎብኚ ይልቅ ይህ ታሪክ የሚገባቸው ለሳቸው ነው።

በዚያው ገዳም ኬድሞን የሚባል ከብት ጠባቂ ነበር። በግብዣ ላይ በገናው እየዞረ ሁሉም በተራው ሲዘምር እሱ መዝሙር ስለማያውቅ ተነስቶ ወደ በረቱ ይሄዳል። አንድ ሌሊት በሕልሙ "ዘምርልኝ" ተባለ፤ ስለ ፍጥረት ዘመረ። በእንግሊዝኛ ስማቸው ከሚታወቅ ገጣሚዎች የመጀመሪያው እሱ ነው። በ1898 የቆመለት ረጅም የድንጋይ መስቀል ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ፣ ደረጃው አናት ላይ አለ። እናትሽ ቅዱስ ያሬድን ሳያነሱ አያልፉም። ያንሱ፤ አታቋርጫቸው።

አሁን ወደ ምግቡ። ፍልሰታ ኦገስት 7 ይገባል፤ ነሐሴ 16፣ ማለትም ኦገስት 22 ይፈታል። ከቻልሽ ጉዞውን ከዚያ በኋላ አድርጊው። ግን በኦገስት የመጨረሻው ሰኞ የሕዝብ በዓል ነው። በዚያ ቅዳሜና እሁድ ከተማዋ መቆሚያ የላትም፤ ዋጋውም ይሰቀላል። ከጾሙ ፍቺ እስከዚያ ያሉት የሥራ ቀናት ጥሩ ናቸው። በጾሙ ውስጥም ቢሆን ይቻላል። ጥቂት ነገር ማወቅ ብቻ ነው።

ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለእናትሽና ለንስሐ አባታቸው እተዋለሁ። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ድንቹን ነው። በዮርክሻየር ባህላዊ የዓሣና ድንች ቤቶች የሚጠብሱት በበሬ ስብ ነው። ድሪፒንግ ይሉታል። እነሱ የሚኮሩበትም ጣዕሙ እሱ ነው ብለው ነው። ስለዚህ "ዓሣውን ትቼ ድንቹን ብቻ እገዛላቸዋለሁ" ብለሽ ጾማቸውን እንዳታስፈቻቸው። ከመግዛትሽ በፊት "የምትጠብሱት በምንድነው?" ብለሽ ጠይቂ። በአትክልት ዘይት የሚጠብሱም አሉ። ሲጠየቁ ደስ ብሏቸው ይነግሩሻል፤ ሥጋ የማይበላ ደንበኛ በየቀኑ ይጠይቃቸዋል።

ሌላው ማሺ ፒስ የሚሉት ነው። ደረቅ አተር ተዘፍዝፎ፣ ተቀቅሎ፣ ፈርሶ የሚቀርብ አረንጓዴ ወጥ ነገር ነው። ቅቤ እንዳልገባበት ጠይቂና በዳቦ ይብሉት። የእኛ ሰው አንዴ ከቀመሰው ይወደዋል። ሚጥሚጣ በትንሽ ብልቃጥ መያዝ አትርሺ። እኔ በሥራዬ ዘመን ያለሷ አልበላውም ነበር።

ለማደር ቁርስ ያለበትን ክፍል አትያዢ። የእንግሊዝ ቁርስ እንቁላል፣ ቋሊማና የአሳማ ሥጋ ነው። እናትሽ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከጾሙ ለማይበሉት ነገር ትከፍያለሽ። ማብሰያ ያለው ትንሽ ቤት ወይም ክፍል ፈልጊ፣ ሽሮውን ይዘሽ ሂጂ። ስትይዢ "ደረጃ አለው ወይ? ስንተኛ ፎቅ ነው?" ብለሽ ጠይቂ። አሮጌዎቹ የዊትቢ ቤቶች ጠባብና ቀጥ ያለ ደረጃ አላቸው። ትልልቅ ሰዎች ሲማረሩ የሰማሁት ከምንም በላይ በዚህ ነው። አንድ ሌሊት ማደራችሁ ግን ግድ ነው። ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይደክማቸዋል።

መኪና አለመኖሩ ችግር አይደለም። ከሊድስ ኮስትላይነር 840 የሚባለው አውቶቡስ በዮርክ፣ በማልተንና በፒከሪንግ በኩል ዊትቢ ድረስ ይወስዳችኋል። ሙሉው መንገድ ከሦስት ሰዓት በላይ ነው። የነጠላ ጉዞ ታሪፍ ጣሪያ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ 3 ፓውንድ ሆኗል። መንግሥት በየጊዜው ስለሚቀይረው ከመነሳታችሁ በፊት አረጋግጪ። ዮርክ ላይ ውረዱና መጸዳጃ ቤት ገብታችሁ፣ እግራችሁን አፍታታችሁ ቀጣዩን ያዙ። ወደ ዊትቢ የሚሄደው በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ ሰዓቱን ጽፈሽ ያዢ። የመጨረሻውን የመመለሻ ሰዓት በተለይ።

ከፒከሪንግ በኋላ በመስኮት በኩል አስቀምጪያቸው። ሙር የሚሉት ሰፊ ዛፍ አልባ ደጋ ይጀምራል። በኦገስት ሄዘር የሚባለው ቁጥቋጦ ያብባል፤ አገሩ እስከ አድማስ ሐምራዊ ይሆናል። ሄዘር የእኛው አስታ ዘመድ ነው። ሰሜን ወይም ባሌ ተራራ የወጣ ሰው ቅጠሉን ቀረብ ብሎ ሲያይ ያውቀዋል። በዚህ ወቅት ንብ አርቢዎች ቀፏቸውን ጭነው ወደዚህ ደጋ ያመጣሉ። ከመንገዱ ዳር ተደርድሮ ካያችሁ እሱ ነው።

ልብስ ደግሞ ሹራብና ጋቢ። አልቀልድም፣ ጋቢ። በበጋም ቢሆን ከባሕሩ ድንገት ጭጋግ ይነሳል። ሞቅ ያለ አየር ቀዝቃዛው ባሕር ላይ ሲያልፍ የሚፈጠር ነው። የአገሩ ሰው ፍሬት ይለዋል። ሊድስ ላይ ፀሐይ ሆኖ ዊትቢ ላይ የገዳሙ ግድግዳ የማይታይበት ቀን አለ። እንዲህ ሲሆን አትበሳጪ፤ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ይገፈፋል። እስከዚያ ሻይ ቤት ግቡ።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ የምንኖረው በርሚንግሃም ነው። ከሁለት ልጆቻችን ጋር ዊትቢ አጠገብ ሳንድሴንድ የሚባል ቦታ ቤት ተከራይተናል። ልጆቹ ዋና የሚያውቁት በገንዳ ነው። ባሕሩ ያሰጋል? በአሸዋው ላይ እስከ ዊትቢ በእግር መሄድ ይቻላል ብለውናል፤ እውነት ነው? *አባት፣ ከበርሚንግሃም*

መልስ፦ ወንድሜ፣ መንገዱ አለ፤ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በጣምም ያምራል። ግን ሰዓት አለው።

እኛ ሐይቅ እንጂ ባሕር ያላየን ሰዎች የማናውቀው ነገር ይህ ነው። ባሕሩ ይሞላል፣ ይጎድላል። ከጎደለበት እስከ ሞላበት ስድስት ሰዓት ገደማ ነው፤ በማግስቱ ሰዓቱ ወደ ሃምሳ ደቂቃ ይገፋል። ሲጎድል ኳስ የሚያስጫውት ሜዳ ይመስላል። ሲሞላ ያው ሜዳ የለም፤ ውኃው ገደሉ ሥር ይደርሳል። የሚያሰጋው ሰው የሚጠብቀው ከፊት ብቻ መሆኑ ነው። ውኃው ግን ዝቅ ባለው ቦታ በጎን ዞሮ ከኋላ ይገባል። ቀና ስትል መመለሻው ተዘግቷል።

ስለዚህ የሙላት ሰንጠረዥ ሳታይ አትውጣ። በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል፤ በየሱቁም በትንሽ ደብተር ይሸጣል። አንድ ነገር ልብ በል። አንዳንዱ ሰንጠረዥ በበጋም ጭምር በግሪኒች ሰዓት ነው የተጻፈው። እንዲህ ከሆነ አንድ ሰዓት መጨመር አለብህ፤ ጽሑፉ ላይ ተገልጿል። ውኃው ገና እየጎደለ ሳለ ተነሱ እንጂ መሙላት ሲጀምር አትነሱ። ካመነታችሁ በላይኛው የመኪና መንገድ ዳር ባለው የእግረኛ መንገድ ተመለሱ። ከወደቡ በስተምሥራቅ፣ ገዳሙ ካለበት ገደል ሥር ግን ከልጆች ጋር ጭራሽ አትሂዱ። እዚያ ውኃው ቶሎ ይዘጋል፤ ከላይም ድንጋይ ይናዳል።

ዋናውን በተመለከተ፣ ውኃው በኦገስትም ከ15 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም። የገንዳ ዋና ዝግጅት አይሆንም። ሰው ድንገት ሲገባ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ አፉን ይከፍታል፣ ውኃ ይገባበታል። ለልጆቹ አሁኑኑ ቤት ውስጥ አስተምራቸው። እንዲህ ከሆነ አይታገሉ፤ በጀርባቸው ተንጋልለው፣ እጃቸውን ዘርግተው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ይንሳፈፉ። ግማሽ ቀይ ግማሽ ቢጫ ባንዲራ በተተከለባቸው ሁለት እንጨቶች መሐል ብቻ ይዋኙ። ጠባቂዎቹ የሚያዩት እዚያ ነው። ቀይ ባንዲራ ካለ ማንም አይግባ። በአየር የሚሞላ ጎማና ጀልባ መሰል መጫወቻ ባሕር ላይ አታውጡ፤ ከየብስ የሚነፍስ ነፋስ ይዞት ይሄዳል። አንድ ነገር ቢፈጠር 999 ደውልና "ኮስትጋርድ" በል። ራስህ ዘለህ አትግባ።

የነፍስ አድን ጀልባዎቹ ሰዎች አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የዊትቢ ታሪክ ለልጆች ቢነገር ጥሩ ነው። በፌብሩዋሪ 1861 በአንድ ቀን ማዕበል ጀልባቸው አምስት ጊዜ ወጥታ ሰው አዳነች። ስድስተኛው ላይ ተገለበጠች። ከአሥራ ሦስቱ የተረፈው ሄንሪ ፍሪማን ብቻ ነው። ያን ጊዜ አዲስ የነበረውን የቡሽ ሰደርያ የለበሰው እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰደርያው የማይለብስ ጠፋ። የሕይወት ጃኬት ለምን እንደሚለበስ ከዚህ በላይ ማስረዳት አይቻልም።

ልጆቹ ደግሞ ባሕሩ በጎደለ ሰዓት አሸዋውና ጠጠሩ ላይ ቅሪተ አካል ይፈልጉ። እንደ ተጠቀለለ እባብ ያለ ድንጋይ ይገኛል። የድሮ ሰው እመ ምኔት ሂልዳ እባቦቹን በጸሎት ድንጋይ አደረገቻቸው ይል ነበር፤ የከተማዋ አርማም ላይ ሦስቱ አሉ። በእርግጥ አሞናይት የሚባል የጥንት የባሕር እንስሳ ነው። የወደቀውን ይልቀሙ፤ ገደሉን አይቆፍሩ።

ጥያቄ፦ ልጄ ስካርብሮ ባሕር ዳር አህያ ላይ ካልተቀመጥኩ ትላለች። አህዮቹ አያሳዝኑም? *ከሼፊልድ*

መልስ፦ እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው። ነገር ግን እዚህ አህያ ደንብ አለው። በብላክፑል ለምሳሌ አህያ ዓርብ ዓርብ ሥራ አይሠራም፤ በሥራ ቀንም የአንድ ሰዓት የምሳ ዕረፍት አለው። በየቦታው የክብደት ገደብ አለ፤ የሚቀመጡት ልጆች ብቻ ናቸው። ለእኛ አገር አህያ ይህ ቢታሰብለት እንዴት ደስ ባለኝ። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ናት፤ ውኃውን፣ እህሉን፣ ማገዶውን የሚሸከምልን እሱ ነው። ልጅሽን አስቀምጫት። ስትወርድ አንገቱን ታሻሸው፣ ስሙንም ትጠይቅ። አብዛኞቹ ስማቸው ግንባራቸው ላይ ባለው ቆዳ ተጽፏል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ለሠርግ ለንደን እመጣለሁ። ከአገራችን ታሪክ ጋር የተያያዘ የባሕር ዳርቻ ቦታ ለንደን አቅራቢያ አለ? *ከዲሲ*

መልስ፦ አለ። አይል ኦፍ ዋይት ሂድ። ደሴት ነው። ከለንደን በባቡር ፖርትስመዝ ደርሰህ በጀልባ ትሻገራለህ። ከመቅደላ በኋላ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1868፣ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ፣ የመጣው ወደዚህ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ያየችው በበጋ ቤተ መንግሥቷ በኦስቦርን ነው። ቤቱ ዛሬ ለጎብኚ ክፍት ነው። ከደሴቱ ሌላ ጫፍ ፍሬሽዎተር የምትባል መንደር አለች። ልዑሉ ከሞግዚቱ ከእንግሊዛዊው መኮንን ካፒቴን ስፒዲ ጋር የኖረው እዚያ ነው። ጎረቤታቸው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ታዋቂ ፎቶ አንሺ ነበረች፤ ያን ዓመት ያነሳችው ፎቶ ሁላችንም የምናውቀው ያ ያዘነ ፊት ነው። ቤቷ ዲምቦላ ዛሬ ሙዚየም ነው።

ቦታው ያምራል፤ ነጭ ገደል፣ አረንጓዴ ሜዳ፣ ሰማያዊ ውኃ። እኔ ግን ውበቱን ማየት ከበደኝ። እናቱን መንገድ ላይ ቀብሮ የመጣ ልጅ ያንን ባሕር እያየ ምን ያስብ ነበር? በ1879 ሊድስ ሄዲንግሊ ውስጥ በአሥራ ስምንት ዓመቱ አረፈ፤ አጽሙ ዊንዘር ነው። ሄደህ እይ። ለልጆችህም ንገራቸው።

ጊዜ ካጠረህ ዎርዚንግ ቅርብ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1936 በስደት ሲመጡ እዚያ ባሕር ዳር ዋርንስ ሆቴል አርፈው ነበር። ሆቴሉ ዛሬ የለም፤ በቦታው የመኖሪያ ሕንፃ ቆሟል። በግማሽ ቀን ታየዋለህ።

ጥያቄ፦ ከዊትቢ ለአገር ቤት ምን ይገዛል? *ከሊቨርፑል*

መልስ፦ ለልጆች ሮክ ግዢ። እንደ ዱላ ያለ ከረሜላ ነው። የከተማዋ ስም ከጫፍ እስከ ጫፍ ውስጡ ተጽፏል፤ የትም ብትሰብሪው ይነበባል። የሚሠራውም በእጅ ነው። ቀለም የተነከረ ስኳር እንደ ረጅም ክር ተሰልፎ ፊደል ይሠራሉ፤ በነጭ ይከቡትና ግንድ የሚያህል ጥቅል ያደርጉታል። ከዚያ ሳይቀዘቅዝ እየጎተቱ እያቀጠኑ ይቆራርጡታል። ፊደሉ አብሮ ይቀጥናል። አንዳንድ ከተማ በመስኮት ያሳዩሻል።

ለእናት ወይም ለእህት ጄት። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ጌጥ ነው። ድንጋይ ይመስላል እንጂ ከ180 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ባሕር ውስጥ የወደቀ ዛፍ ነው። በ1861 የቪክቶሪያ ባል ሲሞት ንግሥቲቱ ለሐዘን ይህን አደረገች። የእንግሊዝ ሐዘንተኛ ሁሉ ተከተላት፤ የዊትቢም ሠራተኞች በብዛት ከዚህ ኖሩ። ስለዚህ ለለቅሶ ቤት ሰው ትልቅ ስጦታ ነው። ሐሰተኛ እንዳይሸጡልሽ በእጅሽ ያዢው። እውነተኛው በጣም ቀላል ነው፤ ሲነካም እንደ ብርጭቆ አይቀዘቅዝም። ያልተወለወለ ነጭ ሸክላ ላይ ሲታሽ ቡናማ መስመር ያወጣል፤ ጥሩ ባለ ሱቅ ራሱ አሽቶ ያሳይሻል። ጥቁር መስመር ካወጣ ተዪው።

ለአባት የሄዘር ማር። ጠቆር ያለ፣ ወፍራም፣ ማንኪያ ሲገለበጥ ቶሎ የማይወርድ ነው፤ መረር የሚል ጣዕም አለው። የእኛ ሰው ማር ስለሚያውቅ ስጦታው ዋጋ ያገኛል። ብርጭቆውን በፎጣ ጠቅልለሽ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ክተቺው። አውሮፕላን ማረፊያ ማርን እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጥሩት፤ በእጅ ሻንጣ ከያዝሽው ፍተሻው ላይ ሊወስዱብሽ ይችላሉ።